ድምፅ ለማን፣ ተስፋስ በማን? የአሜሪካ ምርጫና የአርሲ ምእመናን ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ማክሰኞ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን መርጧል። ከዲሞክራቲክ ፓርቲ የጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ፣ ከሪፐብሊካን ፓርቲ በዚያን ጊዜ የቀድሞ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶናልድ ትራምፕ ለውድድር ቀርበው ነበር። በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላና በአርሲ ደጋማ ወረዳዎች ይህ የባዕድ ሀገር ምርጫ የቤት ውስጥ ጉዳይ ከሆነ ሰንብቷል። ከእነዚህ ቤቶች የወጡ ልጆች ዛሬ በሚኒሶታ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በአትላንታ፣ በዴንቨርና በላስ ቬጋስ ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ዜግነት አግኝተው ድምፅ የሚሰጡ ጥቂቶች አይደሉም። እናት ከቅዳሴ መልስ ወደ ልጇ ስትደውል ከጤናውና ከስንዴው አዝመራ ቀጥላ «ለመሆኑ ማንን ልትመርጥ ነው?» ትላለች። ልጅም መልሶ ይጠይቃል፦ «እማዬ፣ ለእናንተ የሚበጃችሁ የትኛው ነው?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በአርሲ ምእመናን ዘንድ ከጥያቄው በስተ ጀርባ ያልደረቀ እንባ አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት በአርሲ ልዩ ልዩ ቦታዎች ምእመናን ተገድለዋል፣ ቤታቸው ተቃጥሏል፣ ተሰድደዋል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በምሥራቅ አርሲ በሽርካ ወረዳ በግፍ የተገደሉ ወገኖቻችንን ቀብረናል። ስለዚህ ብዙዎች «ማን ይመረጥ?» ሲሉ «ስለ እኛ የሚናገር፣ ይህን ደም የሚያስቆም መሪ የትኛው ነው?» ማለታቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለእገሌ ድምፅ ስጡ፣ ለእገሊት ንፈጉ አንልም። የምንለው ሌላ ነው። ድምፅ መስጠት ክርስቲያን በሕሊናው ፊት የሚያከናውነው የዜግነት ተግባር ነው፤ የአርሲን ምእመናን ደኅንነት በአንድ ዕጩ ማሸነፍ ላይ መስቀል ግን ያለፉት ስምንት ዓመታት መዝገብ የማይደግፈው ተስፋ ነው። ይህን ለማሳየት አስቀድመን መዝገቡን እንይ።

የሁለቱ ፓርቲዎች መዝገብ

በፕሬዚዳንት ትራምፕ ዘመን በዐባይ ግድብ ድርድር ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ለኢትዮጵያ ሊሰጥ ከነበረው ዕርዳታ እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር የሚደርሰውን አገደ። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል በጋዜጠኞች ፊት ተናገሩ። ይህ ቃል በሀገር ውስጥም በውጭም ያለውን ኢትዮጵያዊ ምን ያህል እንዳስቆጣ የምናስታውሰው ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሰኔ 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በተላለፈ ትእዛዝ የዲቪ ቪዛ መስጠት በመቋረጡ፣ ዕጣ ደርሷቸው ጉዟቸውን ሲጠባበቁ የነበሩ ብዙዎች እጅ ላይ የነበረ ዕድል ተንጠልጥሎ ቀረ።

ፕሬዚዳንት ባይደን ሥልጣን ሲይዙ በየካቲት 2013 ዓ.ም. አስተዳደራቸው የዕርዳታውን ጉዳይ ከግድቡ ድርድር ለየው፤ የዲቪውም እገዳ ተነሣ። ይሁን እንጂ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ወጣ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ ከአጎዋ ተሰረዘች። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የልብስ ኩባንያ በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ መዝጋቱን ያስታወቀው ስረዛው እንደሚመጣ ከተገለጸ በኋላ በዚያው ኅዳር ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው አስተዳደር በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሚገኙ ኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ የፈቀደ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ለ18 ወራት አራዝሞታል።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን በእኛ ዘንድ የሚመሰገንበትም የሚከሰስበትም አለው። አንዱን ብቻ እያነሡ ሌላውን መደበቅ ለእውነት የሚሠራ ሰው ጠባይ አይደለም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በቨርጂኒያ የአገረ ገዥ ምርጫ ሲደረግ፣ በማዕቀቡ የተቈጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ወደ ሪፐብሊካኑ ዕጩ ወደ ግሌን ያንግኪን ዞረው በይፋ ቀስቅሰውላቸዋል። ዕጩውም ከሁለት በመቶ ባነሰ ልዩነት አሸነፉ። ያን ጊዜ ብዙዎች «ድምፃችን ተሰማ» ብለው ደስ አላቸው። ነገር ግን በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ጽዋ የሚቀበሉ ሌሎች ምእመናን፣ በተለይም ቤተሰቦቻቸው በትግራይ የነበሩ፣ የአሜሪካን ጫና እንደ ብቸኛ ተስፋ ያዩት ነበር። የአንዱ ኀዘን የሌላው ተስፋ ሆነ። ከዚህ የምንማረው «የቤተ ክርስቲያን ዕጩ» የሚባል ነገር አንድ ጊዜ ከተባለ ከምእመናኑ እኩሌታውን ከዐውደ ምሕረቱ እንደሚያርቅ ነው።

አርሲ በሁለቱም ዘመን አልቅሳለች

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአርሲ ምእመናን ሲገደሉ በዋይት ሐውስ የነበሩት ዶናልድ ትራምፕ ናቸው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሽርካ ደም ሲፈስስ የነበሩት ጆ ባይደን ናቸው፤ ካማላ ሃሪስም ምክትላቸው ነበሩ። አንደኛው ስለ ሃይማኖት ነፃነት አብዝቶ የሚናገር አስተዳደር ነበር፤ ሁለተኛው ስለ ሰብአዊ መብት አብዝቶ የሚናገር። በሁለቱም ዘመን የአርሲ ገበሬ በሌሊት ከቤቱ ተወስዷል፤ እረኛዋ ልጅ አባቷን አጥታለች። በመግለጫ ማውገዝና ገዳይን ከበር መመለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን የምንለው አሜሪካን ለመውቀስ አይደለም። የአንድን ሀገር ዜጋ የመጠበቅ ግዴታ ያለበት በመጀመሪያ የዚያው ሀገር መንግሥት ነው፤ ለአርሲ ምእመናን ሕይወትም ተጠያቂነቱ ከቀበሌ እስከ ፌዴራል ባለው የሀገራችን አስተዳደር ላይ ነው። ዓይናችን ሁሉ ወደ ዋሽንግተን ሲያተኩር ይህን ተጠያቂነት ሳናውቀው እናቀልለዋለን። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 31 ለርዳታ ወደ ግብፅ ወርደው በፈረስና በሠረገላ ብዛት የታመኑትን የገሠጸው፣ መልእክተኛ መላክ በራሱ ኃጢአት ስለሆነ አልነበረም፤ የእስራኤልን ቅዱስ ትተው በዚያ ስለ ተደገፉ ነበር።

የራሳችንም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የኢትዮጵያን በደል ተናገሩ። ማኅበሩ በቀጣዩ ወር በጣልያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ አነሣ። አሜሪካም ቀደም ብላ በገለልተኝነት ሕግዋ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር፤ ይህም መሣሪያ የሌላትን ኢትዮጵያን የበለጠ ጎዳ። ሆኖም አሜሪካ የጣልያንን ወረራ ሕጋዊ ነው ብላ አልተቀበለችም። በጄኔቭ የተነገረው ቃል ወዲያው ሠራዊት አላመጣም፤ ነገር ግን በዓለም ፊት ተመዝግቦ ቀረ፤ በኋላም ፍሬ አፈራ። መናገር ይገባል፤ በተናገሩት ሰው ላይ መደገፍ ግን ሌላ ነው።

ሕሊና የሚፈተንባቸው ጉዳዮች

ታዲያ ድምፅ ያለው ክርስቲያን በምን ይመዝን? የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በእርግጥ በእጁ ያለውን ሥልጣን ለይቶ ማወቅ ይቀድማል። ከእነዚህ ሁለቱን እናንሣ።

የመጀመሪያው የፅንስ ሕይወት ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ፅንስን ማስወረድ ነፍስ መግደል እንደሆነ ታስተምራለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2014 ዓ.ም. ጉዳዩን ወደየክፍለ ሀገሩ መልሶታል። በምርጫው ዘመቻ ሃሪስ የቀድሞው መብት በሕግ እንዲመለስ እንደሚሠሩ ሲናገሩ፣ ትራምፕ በበኩላቸው ውሳኔው በየክፍለ ሀገሩ ይቅር ይሉ ነበር፤ ፓርቲያቸውም እ.ኤ.አ. በ2024 መርሐ ግብሩ በሀገር አቀፍ ደረጃ ይከልከል የሚለውን የቀድሞ አቋሙን አለዝቦ ነበር። ጉዳዩ እስከ አሰላ የሚደርስበትም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው፣ ውርጃን ለሚደግፉ የውጭ ድርጅቶች የአሜሪካ ገንዘብ እንዳይሰጥ የሚከለክለው መመሪያ ሪፐብሊካን ሲመረጥ ይመለሳል፤ ዲሞክራት ሲመረጥ ይሻራል። ይህ የምርጫው ውጤት በቀጥታ ከሚለውጣቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። በሌላ በኩል በ1995 ዓ.ም. በሪፐብሊካኑ በጆርጅ ቡሽ ዘመን የተመሠረተውና በሀገራችን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ እንዲዳረስ ትልቅ ድርሻ ያለው ፔፕፋር የተባለው መርሐ ግብር፣ በዚሁ የውርጃ ክርክር ምክንያት እንደ ቀድሞው ለአምስት ዓመት መታደሱ ቀርቶ እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ብቻ ተራዝሞ ነበር። የፅንሱን ሕይወት የሚያስብ ክርስቲያን መድኃኒቱን በየወሩ እየወሰደች ልጆቿን የምታሳድገውን እናትም ማሰብ አለበት።

ሁለተኛው የስደተኛ ጉዳይ ነው። በትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን መጨረሻ በዓመት የሚገቡት ስደተኞች ጣሪያ 15,000 ነበር፤ በባይደን ዘመን ወደ 125,000 ከፍ ብሎ ነበር። ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2024 የምርጫ ዘመቻቸው ፈቃድ የሌላቸውን በብዛት እንደሚያስወጡ ቃል ገብተው ነበር፤ በቀደመው ዘመናቸውም የዲቪ ዕጣ እንዲቀር ጠይቀው ነበር። ሃሪስም በበኩላቸው የድንበር ቍጥጥሩን የሚያጠብቀውን ረቂቅ ሕግ እንደሚፈርሙ ተናግረው ነበር። ከአርሲ ተፈናቅለው በሦስተኛ ሀገር ለሚጠባበቁ፣ በአሜሪካም ጊዜያዊ ከለላቸው እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ተራዝሞላቸው ለነበሩ ወገኖች ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ምርጫው የተደረገውም በወርኃ ጽጌ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ሸሽታ መሰደዷን በምናስብበት ወቅት ነው። በማኅሌተ ጽጌ ስደቷን የሚዘክር ካህንና ምእመን የስደተኛውን ጉዳይ እንደ ተራ የፖለቲካ ርእስ ሊያየው አይችልም።

እነሆ፣ የፅንሱ ሕይወት ወደ አንድ ወገን፣ ስደተኛው ወደ ሌላ ወገን ይስባል። እምነታችን ግን ከሁለቱ አንዱን እንድንጥል አይፈቅድልንም። ስለዚህ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቤት አድገው፣ አንድ ንስሐ አባት ይዘው፣ ለተለያዩ ዕጩዎች ድምፅ ቢሰጡ አንዱ ከሃይማኖት ወጣ ማለት አይደለም። አንደኛው በአንዱ ጉዳይ የበለጠ ከበደው፤ ሁለተኛው በሌላው። ኃጢአቱ የሚጀምረው ድምፅ የሰጠለትን ዕጩ ክፋት መልካም ነው ማለት ሲጀምርና ወንድሙን መናቅ ሲጀምር ነው።

ዐውደ ምሕረት የዕጩ መድረክ አይደለም

በአሜሪካ የሚገኙ አንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናን «አባታችን፣ ማንን እንምረጥ?» ብለው ካህናትን ሲጠይቁ ይሰማል። ለዚህ ሁለት መልስ አለው። አንደኛው መንፈሳዊ ነው፦ ካህኑ የሁሉ አባት ነው፤ በመስቀሉ የሚባርካቸው በፓርቲ ሳይለይ ነው። ሁለተኛው ሕጋዊ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውና የጆንሰን ማሻሻያ በመባል የሚታወቀው ሕግ፣ ከግብር ነፃ የሆኑ አብያተ ክርስቲያናት በስማቸው ለምርጫ ዕጩ እንዳይቀሰቅሱ ወይም እንዳይቃወሙ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የሕጉ አፈጻጸም እንዲላላ የሚል ትእዛዝ ቢወጣም ሕጉ አልተሻረም። ምእመናን በላባቸው የገዙትን ሕንፃ በአንድ የቅስቀሳ ንግግር ለክስ ማጋለጥ አይገባም። ካህናት ስለ ሕይወት ክቡርነት፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ድኻ፣ ስለ እውነት ማስተማር ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም። ምእመናን እንዲመዘገቡና እንዲመርጡ ማሳሰብም አልተከለከለም። የዕጩውን ስም በዐውደ ምሕረት መጥራት ግን የእነርሱ ፈንታ አይደለም።

ምን እናድርግ?

በአሜሪካ ላላችሁ የአርሲ ልጆች የምንለው ይህ ነው። በመጀመሪያ ድምፃችሁ የት ምን ያህል እንደሚመዝን እወቁ። ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው በ538 የክፍለ ሀገራት ወኪሎች ድምፅ ነው፤ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። በሜሪላንድ ወይም በዋሽንግተን ዲሲ ውጤቱ አስቀድሞ የሚገመት ሲሆን፣ በጆርጂያና በኔቫዳ ግን የጥቂት ሺህ ሰዎች ድምፅ ሊወስን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ምርጫ ጆርጂያ የተወሰነችው በ11,779 ድምፅ ልዩነት ነው። በአትላንታ ያለ ሰው ድምፁን ሳይመረምር የሚሰጥበት ወይም ቸል የሚልበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ከፕሬዚዳንቱ በታች ያሉትን ስሞች አትለፏቸው። የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች ሁሉ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ የወረዳችሁ ተወካይ ደብዳቤያችሁን የሚያነብ ጽሕፈት ቤት አለው። ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ያሳለፈውን የውሳኔ ሐሳብ ቍጥር 128 እናስታውስ። ያቀረቡት ሪፐብሊካኑ ክሪስ ስሚዝ ሲሆኑ፣ ከሁለቱም ፓርቲዎች ደጋፊዎች ነበሩት። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን አውሮራን ያን ጊዜ ይወክሉ የነበሩት የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማንም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበሩ። ይህ የሆነው ኢትዮጵያውያን በየተወካዮቻቸው በር እየተመላለሱ ስለ ጎተጎቱ ነው። ውሳኔው አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፤ ነገር ግን የአንድ ፓርቲ ድል ሳይጠበቅ ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ አሳይቷል።

ሦስተኛ፣ እውነቱን መዝግቡ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነፃነት ሕግ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱን የቻለ ክፍል፣ እንዲሁም በሁለቱም ፓርቲዎች መሪዎች የሚሰየሙ አባላት ያሉበት ኮሚሽን አቋቁሟል። ስለ ሀገራት ሁሉ በየዓመቱ ዘገባ ይወጣል። ይህ በማንም ፕሬዚዳንት ዘመን ክፍት የሆነ በር ነው። በዚህ በር የሚገባው ጩኸት ብቻ ሳይሆን ማስረጃ ነው፦ የሟቹ ስም፣ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የዓይን ምስክሩ፣ የተቃጠለው ቤት ፎቶግራፍ። ቍጥር ማጋነንና የሌላ ቦታ ምስል መለጠፍ የእውነተኞቹን ሰማዕታት ምስክርነት ያረክሳል።

በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በሽርካና በዙሪያው ላላችሁ ወላጆችና ወንድሞችም የምንለው አለ። ልጆቻችሁን «ይህን ካልመረጥህ ከእኛ አይደለህም» አትበሏቸው። እነርሱ በሚኖሩበት ሀገር ቀረጥ የሚከፍሉ፣ ልጆች የሚያሳድጉ፣ የራሳቸው ጭንቀት ያለባቸው ዜጎች ናቸው። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ለተማረኩት ወገኖቹ በጻፈው ደብዳቤ የተሰደዱባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉና ስለ እርስዋም እንዲጸልዩ አዝዟቸዋል። ልጆቻችሁ ለሚኖሩበት ሀገር መልካም ሊያስቡ ይገባቸዋል። ከእናንተ የሚፈልጉት ትእዛዝ ሳይሆን የሆነውን በትክክል መንገርና ጸሎታችሁን ነው። በአንድ መንደር አብረን ከኖርናቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ያለንን ጉርብትናም አትጣሉት፤ አርሲን በሰላም የሚያሳድረው ይህ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 2 ስለ ነገሥታትና ስለ ባለ ሥልጣናት ሁሉ እንድንጸልይ ያዝዛል። ይህን ሲጽፍ በሮም የነበረው ንጉሥ ክርስቲያን አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችንም በቅዳሴዋ ስለ መሪዎች ትጸልያለች፤ የመረጥነው ሲያሸንፍ ብቻ የምንጸልየው ጸሎት ግን የለም። በመዝሙር 145 ነቢዩ ዳዊት በአለቆችና ማዳን በማይችል በሰው ልጅ እንዳንታመን ያስጠነቅቃል፤ ምክንያቱንም ሲናገር እስትንፋሱ በምትወጣበት ቀን ሐሳቡ ሁሉ እንደሚጠፋ ያስታውሰናል።

የምርጫው ውጤት በተጠበቀበት በማግሥቱ ረቡዕ ጥቅምት 27 ቀን የመድኃኔ ዓለም ዓመታዊ ክብረ በዓል ነበር። በዚያ ቀን በአርሲ ደጋ ታቦቱን አጅበው የሚወጡት እናቶች በሽርካ የወደቁትን ልጆቻቸውን ስም በልባቸው ይዘው ይወጣሉ። በአሜሪካ ያሉት ልጆቻቸውም ደስ ብሏቸውም ይሁን አዝነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የመረጣችሁት ቢያሸንፍ በወንድማችሁ ላይ አትታበዩ፤ ቢሸነፍም ተስፋ አትቍረጡ። ዓለምን ያዳነው በምርጫ ያልተሾመው፣ በዘመን የማይሻረው መድኃኔ ዓለም ነውና።

የሰማዕታቱን ነፍስ በዕረፍት ያኑርልን፤ የአርሲን ምድር፣ ሀገራችንን ኢትዮጵያንና ልጆቻችን የሚኖሩባትን ሀገር በሰላም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።